የእጅ ባትሪን ቻርጅ በሚደረግ ሴል ማሠራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መብራት በሚቆራረጥባቸው ከተሞችም ሆነ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች የእጅ ባትሪ ዛሬም ከቤት የማይታጣ ዕቃ ነው። አብዛኛው ግን የሚሠራው ሲያልቅ በሚጣል ድንጋይ በመሆኑ፣ ለድንጋይ በየጊዜው የሚወጣው ብር ሲደማመር የእጅ ባትሪውን ዋጋ ደጋግሞ ያልፋል። ቻርጅ ይደረጋሉ ተብለው የሚሸጡትም ቢሆኑ በውስጣቸው ያለው ባትሪ ሲሞት መስታወታቸው፣ ማብሪያቸውና አካላቸው ደህና እንደሆነ ይጣላሉ። ሁለቱንም ዓይነት ቤት ውስጥ በተሠራ ማቀፊያ፣ በጥቂት ሽቦና በርካሽ የቻርጅ ሰሌዳ መልሶ ማሠራት ይቻላል። ሴሉን መብራቱ ውስጥ ማስገባት የሥራው ቀላል ክፍል ነው፤ ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሴሉንና ቻርጀሩን በማጣጣም ላይ ስለሆነ፣ ከታች ያሉት መልሶችም በዚሁ ላይ ያተኩራሉ። በጽሑፉ ውስጥ «ድንጋይ» የሚለው ቃል የሚጣለውን፣ «ሴል» የሚለው ደግሞ ቻርጅ የሚደረገውን ያመለክታል።

መብራቱን ሳልቆርጥና ሳልበይድ ቻርጅ የሚደረግ ሴል መጠቀም እችላለሁ?

አዎን። ለዚህ የሚስማማው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ሴል ነው፤ በመጠኑ ከድንጋዩ ጋር እኩል ሆኖ ስለሚሠራ በድንጋዩ ቦታ በቀጥታ ይገባል። በላዩ ላይ የሚጻፈው ቮልቴጅ 1.2 በመሆኑና የድንጋዩ 1.5 በመሆኑ ብዙ ሰው መብራቱ ይደበዝዛል ብሎ ይሰጋል። ይሁን እንጂ የተለመደው የዚንክ ካርቦን ድንጋይ 1.5 ቮልት የሚሰጠው አዲስ ሳለ ነው፤ አምፖል ማብራት ሲጀምር ቮልቴጁ እየወረደ ሄዶ ገና ሳያልቅ ከ1.2 በታች ይሆናል። ኒኬሉ በአንጻሩ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ 1.2 አካባቢ ጸንቶ ይቆያል። ሁለት ድንጋይ ለሚወስድ የእጅ ባትሪ የሚሠራው የድሮ አምፖልም 2.4 ቮልት ገደማ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ከሁለት የኒኬል ሴሎች ጋር በደንብ ይስማማል። ሦስት ድንጋይ የሚወስዱ የኤልኢዲ መብራቶች በመጠኑ ይቀዘቅዛሉ፤ ለቤት አገልግሎት ግን ይበቃሉ።

ሴል ሲገዙ በመቀመጥ ብዛት የማይደክመውን ዓይነት መምረጥ ይገባል። ሳንዮ በ2005 እ.ኤ.አ. ኢነሉፕ የተባለውን ሴል ካወጣ ወዲህ ቻርጅ ተደርጎ ከዓመት በኋላም አብዛኛውን ኃይል ይዞ የሚገኝ የኒኬል ሴል በብዙ ስም ይሸጣል። የቀድሞው ዓይነት መሳቢያ ውስጥ ጥቂት ወራት ሲቆይ ባዶ ይሆናል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚፈለግ የእጅ ባትሪ ውስጥ እንዲህ ያለውን ማስቀመጥ ትርጉም የለውም።

ትንሿን ሴል በትልቁ ድንጋይ ቦታ ለማስገባት ማቀፊያውን እንዴት ልሥራ?

አር 20 ወይም ዲ የሚባለው ትልቁ ድንጋይ ወደ 34 ሚሊሜትር ውፍረትና 61 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። በግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባው ደብል ኤ ደግሞ 14.5 ሚሊሜትር ውፍረትና 50.5 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። ስለዚህ ማቀፊያው ሁለት ነገር ማሟላት ይኖርበታል፤ ጎኑን ማወፈርና 11 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት መጨመር።

ለጎኑ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋበት የ20 ሚሊሜትር ፕላስቲክ ቱቦ ጥሩ ነው፤ የውስጥ ስፋቱ ለደብል ኤ ጥቂት ክፍተት ብቻ ይተዋል። ቱቦውን በሴጌቶ ቆርጦ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሱ በኋላ፣ ውጫዊ ውፍረቱ 33 ሚሊሜትር እስኪደርስ ካርቶን ጠቅልሎ በሙጫ ማጣበቅ ይቻላል። ካርቶን እርጥበት ስለሚጠጣ ከላይ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ቢሸፈን ዕድሜ ያገኛል። የ32 ሚሊሜትር የውኃ ቱቦ ከተገኘ ደግሞ አነስተኛውን ቱቦ በውስጡ ማስገባትና መሃል ያለውን ክፍተት በካርቶን መሙላት ይሻላል፤ ይህኛው መብራቱ ቢወድቅም አይጨማደድም።

ለርዝመቱ በማቀፊያው ጫፍ ላይ አንድ ክብ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ማስገባት፣ መሃሉን መብሳት፣ በቀዳዳው አጭር የነሐስ ቡሎን ማሳለፍና በዳዶ ማሰር ነው። ዳዶውን በማዞር ርዝመቱን በሚሊሜትር ደረጃ ማስተካከል መቻሉ የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ነው። የብረት ቡሎንም ይሠራል፣ ግን ሲዝግ መብራቱ መብለጭለጭ ይጀምራል።

ሳይታወቅ አደጋ የሚያመጣው ስፍራ የሴሉ ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። የሴሉ ቆርቆሮ በሙሉ ኔጋቲቭ ሲሆን፣ እስከ ፖዘቲቩ እምብርት ዙሪያ ድረስ የሚሸፍነው ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ሰፊ ሮንደላ በፖዘቲቩ ላይ ቢቀመጥና ሞላው አጥብቆ ቢገፋው፣ ፕላስቲኩ በጊዜ ብዛት ተፍቆ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይገናኛሉ። የኒኬል ሴል እንዲህ ሲገናኝ እጅን ሊያቃጥል የሚችል ሙቀት ያመነጫል። ስለዚህ ሴሉን የሚነካው የቡሎን ጫፍ ከሴሉ እምብርት የጠበበ መሆን አለበት። በየቤቱ እንደሚደረገው የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት እየጠቀጠቁ ክፍተት መሙላት አይመከርም፤ ወረቀቱ ይላላል፣ ይቀደዳል፣ ቁራጩም ሄዶ ያልተፈለገ ቦታ ላይ ያገናኛል።

መካከለኛው ድንጋይ፣ ማለትም ሲ የሚባለው፣ በርዝመቱ ከደብል ኤ ጋር ሊተካከል ምንም ስለማይቀረው ጎኑን ማወፈር ብቻ ይበቃል።

የኒኬል ሴሎቹን በምን ቻርጅ ላድርጋቸው?

ለእነሱ ተብሎ በተሠራ ቻርጀር ቢሆን ይመረጣል። ከሌለ ግን ሁለት ሴሎችን በተከታታይ አገናኝቶ ከስልክ ቻርጀር የሚወጣውን 5 ቮልት፣ 1 ዋት በሚችል ባለ 10 ኦም ሬዚስተርና በአንድ ተራ ዳዮድ አሳልፎ መስጠት ይቻላል። የሚያልፈው ከረንት ወደ 150 ሚሊአምፔር ስለሚሆን 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ሴል ለመሙላት ከ18 እስከ 19 ሰዓት ይፈጃል፤ ዘገምተኛ ቢሆንም በጥቂት ሰዓት መዘግየት ሴሉን አይጎዳም። ዳዮዱ የሚያስፈልገው ቻርጀሩ ሲነቀል ኃይሉ ወደ ኋላ እንዳይፈስ ነው። ሁለቱ ሴሎች በአንድ ጊዜ የተገዙና አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ አንዱ ደካማ ከሆነ ቀድሞ ያልቅና ጠንካራው በግልባጭ ቻርጅ እያደረገ ይገድለዋል።

ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሴል ልጠቀም እችላለሁ?

ይቻላል፤ ከሁሉም የላቀ ውጤት የሚገኘውም ከዚህ ነው፤ ነገር ግን ከኒኬሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በወፍራም የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ያሉት ክብ ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ 18650 የሚባሉት ሊቲየም አዮን ናቸው፤ ቁጥሩ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት እንዳላቸው ይናገራል። የላፕቶፕ ባትሪ «ሞተ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚሞቱት ከሴሎቹ መካከል አንድ ወይም ሁለቱ ናቸውና የቀሩት ለእጅ ባትሪ ይበቃሉ።

ሽፋኑ ሲከፈት ካቻቢቴ ወደ ውስጥ እየሰደዱ መጎልጎል ሴሉን ሊበሳው ስለሚችል በመጋጠሚያው መስመር ላይ ቀስ ብሎ መሰንጠቅ ይገባል። ከዚያም እያንዳንዱ ሴል በቴስተር ይለካል። ከ2 ቮልት በታች የሚያሳይ ሴል ይወገዳል፤ ያን ያህል ሲወርድ በውስጡ ያለው መዳብ ስለሚሟሟ በኋላ ቻርጅ ሲደረግ ከውስጥ ሊገናኝ ይችላል። ከዚያ በላይ ያሳየው እስከ 4.2 ቮልት ቻርጅ ተደርጎ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ4 ቮልት በታች የወረደ፣ ወይም ቻርጅ ሲደረግ ለእጅ የሚሰማ ሙቀት ያወጣ፣ ወይም ሽፋኑ ያበጠና የዛገ ሴል ጥቅም ላይ አይውልም። በዚህ ላይ ምሕረት ማድረግ አያስፈልግም፤ ከ6 ሴሎች 2 ብቻ ቢተርፉም ሥራው አትራፊ ነው።

በሴሉ ላይ በቀጥታ በሊድ መበየድ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ይጎዳዋል። ሴሎቹ ሲለያዩ ያያዟቸውን ስስ የኒኬል ቅጠሎች ከሥራቸው ከመንቀል ይልቅ መሃላቸው ላይ ቆርጦ ጫፋቸውን ማስቀረት፣ ከዚያም ሽቦውን በዚያ ጫፍ ላይ ፈጥኖ መበየድ ይሻላል።

አንድ የሊቲየም ሴል ስንት ድንጋይ ይተካል?

ሊቲየሙ ሲሞላ 4.2፣ በአማካይ ሲሠራ 3.7፣ ሊያልቅ ሲል 3 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ሦስት ድንጋይ፣ ማለትም 4.5 ቮልት፣ ለሚወስድ የኤልኢዲ መብራት አንድ ሴል በልክ ይተካል። ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚወስድ ባለ አምፖል የእጅ ባትሪ ውስጥ ቢገባ ግን 2.4 ቮልት የለመደው አምፖል ወዲያው ይቃጠላል፤ አስቀድሞ በኤልኢዲ መቀየር አለበት።

ቦታውን በተመለከተ፣ የሁለቱ ድንጋዮች ርዝመት 123 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ከሴሉ የሚተርፈውን 58 ሚሊሜትር በክብ እንጨት መሙላትና በመሃሉ ረጅም ቡሎን ማሳለፍ ያስፈልጋል። ማቀፊያው ከ25 ሚሊሜትር ቱቦ ይሠራል፤ የ20 ሚሊሜትሩ ለዚህ ሴል ይጠባል።

የቻርጅ ሰሌዳው የትኛው ነው? እንዴትስ ይገጠማል?

በኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ መደብሮች ቲፒ 4056 የሚባል አነስተኛ ሰሌዳ ይገኛል። ከስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ተቀብሎ ሴሉን በልኩ 4.2 ቮልት ላይ ሲያደርስ ራሱ ያቆማል፤ ቻርጅ ሲያደርግ ቀይ፣ ሲጨርስ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መብራት ያሳያል። ሰሌዳው በሁለት ዓይነት የሚሸጥ ሲሆን፣ አንደኛው አራት የሽቦ ነጥብ፣ ሌላኛው ስድስት ነጥብ አለው። መግዛት ያለብዎት ስድስት ነጥብ ያለውን ነው፤ ትርፎቹ ሁለት ነጥቦች ሴሉ 2.4 ቮልት ገደማ ሲደርስ መብራቱን የሚቆርጥና የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ መገናኘትን የሚከላከል ዑደት መውጫ ናቸው። ሴሉ ለእሱ በተመደቡት ነጥቦች፣ መብራቱ ደግሞ በመውጫዎቹ ይያያዛል። መብራቱን በቀጥታ ከሴሉ ጋር ማያያዝ መከላከያውን ዋጋ ያሳጣዋል።

አካላቸው ብረት በሆነ የእጅ ባትሪዎች ላይ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ይህ መከላከያ የሚቆርጠው በኔጋቲቩ በኩል ነው። የእጅ ባትሪው አካል ራሱ እንደ ኔጋቲቭ ሽቦ ስለሚያገለግል፣ የሴሉ ኔጋቲቭ ጫፍ አካሉን ከነካ ኃይሉ ሰሌዳውን ዘሎ ያልፋል፤ ሁሉም ነገር የሚሠራ እየመሰለ መከላከያው አይኖርም። ስለዚህ ሴሉ ከግራም ከቀኝም ከግርጌውም በማቀፊያው ተከልሎ ከብረቱ መለየት አለበት። ይህ አስቸጋሪ ከሆነ ብረት ለበስ መብራት ላይ ሰሌዳ ከመግጠም ይልቅ መከላከያ በራሱ ላይ ያለውን ሴል መግዛትና እያወጡ ከውጭ ቻርጅ ማድረግ የተሻለ ምርጫ ነው።

ሰሌዳው ከፋብሪካው ሲወጣ በ1 አምፔር ቻርጅ ያደርጋል። ለአሮጌ ወይም ለትንንሽ ሴሎች ይህ ይበዛል። ከረንቱን የሚወስነው ባለ 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ2 ኪሎ ኦም ሲተካ ወደ 580 ሚሊአምፔር ይወርዳል፤ ክፍሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ለሞባይል ጠጋኝ ቢሰጥ ይሻላል። ቻርጅ ሲደረግም በሊሾ ወይም በሸክላ ወለል ላይ እንጂ አልጋና ሶፋ ላይ፣ ሰው ተኝቶም ሳለ መሆን የለበትም።

ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚሰካው የእጅ ባትሪዬ ባትሪው ሞቷል። በውስጡ የሊቲየም ሴል ብተካ ይሠራል?

ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ አሳሳቢ ስለሆነ ዘርዘር ያለ መልስ ይገባዋል።

በእነዚህ መብራቶች ውስጥ ያለው ባብዛኛው 4 ቮልት የሚባል ትንሽ የሊድ አሲድ ባትሪ ነው። የቻርጅ ክፍሉ ትራንስፎርመር የለውም፤ የ220 ቮልቱን መስመር በአንድ ካፓሲተርና በአራት ዳዮዶች ብቻ አሳልፎ ለባትሪው ይሰጣል። ባለ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ50 ኸርዝ መስመር ላይ 70 ሚሊአምፔር ያህል ያሳልፋል፤ ይህ ከረንት መብራቱ ከሶኬት እስኪነቀል ድረስ አያቋርጥም። ሞላ ብሎ የሚያቆም ነገር በውስጡ የለም። የሊድ አሲዱ ከ4.8 ቮልት ሲያልፍ ውኃውን እያተነነ ይደርቃል እንጂ አይቃጠልም፤ ብዙዎቹ ቶሎ የሚሞቱትም ሌሊቱን ሙሉ ተሰክተው ስለሚያድሩ ነው። የሊቲየም ሴል ግን ከ4.2 ቮልት እያለፈ ሲሄድ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም ሊቀጣጠል ይችላል። ቮልታቸው ስለሚቀራረብ የሚስማሙ ይመስላሉ፤ አይስማሙም።

በተጨማሪም ትራንስፎርመር ስለሌለ መብራቱ በተሰካበት ጊዜ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ሽቦ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ሲሰካ በቴስተር መለካት ሰው ይገድላል። ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ሁለቱን እግሮቹን በሬዚስተር አገናኝቶ ማራገፍ ያስፈልጋል።

ትክክለኛው አሠራር የሶኬት መሰኪያውን፣ ካፓሲተሩንና ዳዮዶቹን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በቦታቸው ባለ ስድስት ነጥብ ሰሌዳና የሊቲየም ሴል መግጠም ነው። የመሰኪያው ብረቶች ከውጭ ከቀሩ አንድ ቀን ልጅ ወይም እንግዳ ሶኬት ላይ ይሰካቸዋል፤ ስለዚህ ይነቀላሉ፣ ቀዳዳውም ይደፈናል። ሰሌዳው ካልተገኘ ያንኑ ባለ 4 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ መተካትና ከተጻፈው ሰዓት በላይ አለመሰካት ይሻላል።

የድሮ ስልክ ባትሪስ?

ቢኤል 5ሲ የሚባለው የኖኪያ ባትሪ በቀላሉ የሚገኝ፣ 1000 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ የሚይዝና መከላከያ በውስጡ ያለው በመሆኑ ለትንሽ መብራት ተስማሚ ነው። ከሦስቱ መገናኛዎች የመሃለኛው ለመለያ ብቻ ስለሚያገለግል ዳርና ዳር ያሉት ይያያዛሉ፤ የትኛው ፖዘቲቭ እንደሆነ በቴስተር ይረጋገጥ። ያበጠ ባትሪ አይነካካም። ኖኪያ በ2007 እ.ኤ.አ. ቻርጅ ሲደረጉ ሊግሉ ይችላሉ በሚል 46 ሚሊዮን የሚሆኑ የዚህ ዓይነት ባትሪዎች እንዲለወጡ ማሳሰቡ፣ ደህና አምራች የሠራውም ቢሆን ክትትል እንደሚያስፈልገው ያሳያል።

አምፖሉን በኤልኢዲ ለመቀየር ምን ያስፈልጋል?

ባለ 1 ዋት ነጭ ኤልኢዲ 3.2 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ከአንድ የሊቲየም ሴል ጋር ባለ 3.3 ኦም ሬዚስተር በመሃል ሲገባ፣ ሴሉ ሙሉ ሳለ 300 ሚሊአምፔር፣ አማካይ ላይ ሲደርስ ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል ያልፋል። ኤልኢዲው የሚሞቀው ከጀርባው ስለሆነ ከአሉሚኒየም ቁራጭ ጋር ተጣብቆ መታሰር አለበት። መስታወቱ ለአምፖል ቅርጽ የተሠራ በመሆኑ ብርሃኑ ይበታተናል፤ ኤልኢዲውን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሱ የተሻለውን ቦታ መፈለግ ግድ ነው።

ያለቀ ድንጋይን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ወይም ቻርጅ አድርጎ መመለስ ይቻላል?

ፀሐይ ላይ ሲሞቅ ጥቂት ደቂቃ ማብራቱ እውነት ነው፤ ሙቀቱ የቀረውን ኬሚካል ያፋጥነዋል እንጂ አዲስ ኃይል አይሞላም። የድንጋዩ ቆርቆሮ ራሱ ዚንክ ሆኖ በአገልግሎት ብዛት የሚበላ ስለሆነ፣ ቻርጅ ለማድረግ መሞከር ጋዝ አስነሥቶ ማፍሰስን ያስከትላል፤ ፈሳሹም ሞላውንና ማብሪያውን ይበላል።

በሶላር ቻርጅ ማድረግስ?

ባለ 6 ቮልት አነስተኛ ፓኔል በጠራ ፀሐይ ያለ ጭነት ከ7 ቮልት በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ ቲፒ 4056 የሚችለው እስከ 8 ቮልት በመሆኑ ይስማማሉ። ባለ 12 ቮልት ፓኔል ግን ሰሌዳውን ያቃጥለዋል። ፓኔሉ ትንሽ ከሆነ 1 አምፔር ስለማይሰጥ፣ በሰሌዳው ላይ 4 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስተር መተካትና ወደ 300 ሚሊአምፔር ማውረድ ተገቢ ነው። ፓኔሉ ፀሐይ ሲመታው ሴሉ ያለበት መብራት ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ሴል እንዲያመጣልኝ ብጠይቅ ምን ልንገረው?

በ18650 ሴል ላይ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ካለ ውሸት ነው፤ በገበያ የተለመዱት ምርጥ ሴሎች የሚይዙት 3500 አካባቢ ነው። እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ በእጅ ቅልል የሚለው ባዶ የበዛበት ነው። በአውሮፕላን ሲመጣ ትርፍ የሊቲየም ሴል በሻንጣ አይላክም፤ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ወይም በየሳጥኑ ሆነው በእጅ ቦርሳ መያዝ አለባቸው።

አገልግሎቱን የጨረሰ ሴል የት ይጣላል?

እሳት ውስጥ፣ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥና ልጆች በሚጫወቱበት ቆሻሻ ላይ አይጣልም። ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ክዳን ባለው የሸክላ ወይም የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከቤት ውጭ ይቀመጥና አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስቡ ይሰጥ። የሊድ አሲዱን ገዢዎች ይፈልጉታል። በየገጠሩ ትምህርት ቤት የድንጋይን ጥቁር ዱቄት አውጥቶ ሰሌዳ ማጥቆር የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ ልጆች ማንኛውንም ክብ ባትሪ ቀጥቅጠው የመክፈት ልምድ አላቸው። የሊቲየም ሴል ሲቀጠቀጥ በሰከንዶች ውስጥ ሊነድ ስለሚችል፣ ይህን ለልጆቹም ለመምህራኑም አስቀድሞ መንገር መብራቱን የሠራው ሰው ኃላፊነት ነው።